ከማማ ወደ ማማ የተላከ ስድብ

ከዚህ በፊት ምንም ጽፌ አላውቅም። ስድስተኛ ክፍል ከጨረስኩ ወዲህ ብዕር የያዝኩት ለጎረቤት ደብዳቤ ስጽፍ ብቻ ነው፤ ያውም እነሱ እየነገሩኝ። የራሴን ነገር ወረቀት ላይ ማስፈር ሰው ፊት ቆሞ እንደ መናገር ያሳፍረኛል። ግን ባለፈው ሳምንት አንዲት ጎረቤቴ አንድ ነገር ተናገረችኝና መልሱ አፌ ላይ አልመጣ ብሎ ስንት ቀን ሲያብሰለስለኝ ቆየ። መናገር ካቃተኝ ልጻፈው ብዬ አንድ ደብተር ገዛሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንኖረው ሮቢት ነው፤ ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በረድ ሲል ከሰፈሩ ሴቶች ልጆች ጋር ደጃፌ ላይ ቁጭ ብዬ ቅልሞሽ ስጫወት ጎረቤቴ ከገበያ ስትመለስ ደረሰችብኝ። አንዷን ጠጠር ወደ ላይ ወርውሬ አራቱን ልዘግን እጄን መሬት ላይ ሳሳርፍ፣

«አንቺ! ሁለት ልጅ የወለድሽ ሴት፣ ጡትሽ ወተት እያንጠባጠበ ቅልሞሽ? ኧረ ሰው ምን ይላል!» አለችኝ።

ልጆቹ ሳቁ። እኔ እንደ ልማዴ አንገቴን ደፍቼ ጠጠሮቹን ትቼላቸው ገባሁ። ሽንኩርት ስከትፍ ግን ነገሩ አልለቅ አለኝ። ይህንኑ ቃል ከስምንት ዓመት በፊት ከአባቴ አፍ ሰምቼዋለሁ። ያኔ ያ ቃል ቤታችንን ሊያፈርሰው ምንም አልቀረውም ነበር።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው፤ ከሰባ ሰባቱ ድርቅ በኋላ የመጣው የመጀመሪያው መኸር። የእኛ ቀዬ ከቆቦ ወደ ዞብል ተራራ ሲሄዱ ያለው ሜዳ ነው። ሜዳው ላይ ዝናብ ብዙም አይጥልም። ተራራው ላይ ዘንቦ ጎርፍ ሲወርድ ገበሬው ጎርፉን በቦይ እየጠለፈ ወደ ማሳው ያስገባዋል፤ ማሽላው በዚያ ይበቅላል። በድርቁ ጊዜ ያ ጎርፍ ጠፋ። ታናሽ እህቴ ገና ቤታችን ሳለን ሞተች። እናቴ ቆቦ ዳር በተተከለው የእርዳታ መጠለያ ውስጥ ጥር ላይ ሞተች። አራት የነበርነው ሁለት ቀረን። አባቴና እኔ የእርዳታ ዘር ተሸክመን ወደ ቀዬአችን ተመለስን። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር።

አባቴ ወዳጆ ይባላል። ከመጠለያው ሲመለስ ሰውነቱ እንጂ ንግግሩ አብሮት አልተመለሰም። «ውሃ»፣ «በይ እንሂድ»፣ «ዝጊው»፤ ከዚህ አያልፍም። ደጋግሞ የሚያነሣው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የእናቴን ተዝካር። አርባዋን አላወጣንላትም። መጠለያ ውስጥ በምን ይወጣል? ለቄሶቹ የሚቀርብ፣ ጎረቤት የሚቀምሰው እህል የለ። በእኛ ዘንድ ደግሞ ተዝካር ካልወጣ ሐዘኑ አይዘጋም። ከዚያ ቤት ሳቅና ዘፈን ቢሰማ ነውር ነው። ስለዚህ አባቴ በጥር ትከሻው ላይ የጣለውን ጥቁር ጨርቅ በጥቅምትም አላወለቀውም። ማሽላው ሲገባ ተዝካሯን አወጣለሁ፣ ከዚያ በኋላ ሰው እሆናለሁ ይል ነበር።

ማሽላው ባይገባስ? እሱንም አስቦበታል። በዚያ ሰሞን በድርቅ የተጎዳ ሰው ወደ ሩቅ አገር ለሰፈራ ይመዘገብ ነበር። የገበሬ ማህበራችን ሊቀመንበር የምዝገባውን ቀን አስለፍፏል፤ የጥቅምት የመጨረሻው ቅዳሜ።

«እህሉ ካልሆነ ቅዳሜ ስማችንን አስጽፋለሁ» አለኝ አባቴ። «እናትሽን እንዲሁ ጥያት እሄዳለሁ ማለት ነው።»

ይህን ሲናገር ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም፤ ቁጣም እንባም። የፈራሁት ሰፈራውን ብቻ አልነበረም። ያን ፊት ይዞ ከዚያ አገር ቢሄድ ብዙ እንደማይቆይልኝ ገብቶኝ ነበር።

እሱ ቀን ቀን ተራራው ሥር እርከን ሲሠራ ይውላል፤ ለዚያ ስንዴ ይሰፈርለታል። ማሳውን ከወፍ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ። ማሽላ እሸት ሲሆን፣ ፍሬውን ሲጫኑት ነጭ ወተት ጢቅ ሲል፣ ግሪሳ የሚባለው ወፍ ይወርድበታል። አንዱን ግሪሳ ብታዩት ታዝኑለታላችሁ፤ እፍኝ አይሞላም። ግን ብቻውን አይመጣም። እንደ ደመና መጥቶ ይሰፍራል፣ አገዳው ከክብደቱ የተነሣ ጎንበስ ይላል፣ ሲነሣ ዘለላው ባዶ ገለባ ሆኖ ቀና ይላል። ስለዚህ በየማሳው መካከል በአራት ረጃጅም እንጨት ላይ ማማ ይሠራል። ጠባቂው ማማው ላይ ወጥቶ ከጎሕ እስከ ጀምበር መጥለቂያ ይጮኻል፣ በወንጭፍ ይወረውራል።

ችግሩ መጮኹ ላይ ነው። እኔ መጮኽ አልችልም። ተማሪ ሳለሁ እንኳ መልሱን እያወቅሁት እጄን አላወጣም ነበር። ከመጠለያው በኋላ ያችው የነበረችኝ ድምፅም ጠፋች። ማማው ላይ ቆሜ «ሆ!» ስል ለራሴም በቅጡ አይሰማኝም። ወፎቹ ቀና ብለው አይተውኝ ወደ ምሳቸው ይመለሳሉ። በሦስተኛው ቀን ከዳር ያሉት ሁለት መደዳዎች ባዶ ሆኑ። ማማው ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ለቅሶዬም ድምፅ አልነበረውም።

«አንቺ ልጅ! ወፍ እየጠበቅሽ ነው ወይስ ወፍ እያስተኛሽ?»

ከአዋሳኛችን ማሳ ማማ ላይ የጮኸችው እትዬ ሐዋ ናት። ዕድሜዋ ከአባቴ ጋር ይቀራረባል። ባሏ ቀድሞ ነው የሞተው፤ በድርቁ ደግሞ ሁለት ወንዶች ልጆቿን ቀብራለች። የቀረቻት ጎብዬ ከተማ ያገባች አንዲት ሴት ልጅ ናት። ከማማዋ ወርዳ በማሽላው መካከል እየተሽሎከሎከች መጣች። በእጇ ጥንቅሽ ይዛለች፤ ያን እንደ ሸንኮራ የሚጣፍጠውን አገዳ። ለሁለት ሰበረችና ግማሹን ሰጠችኝ።

«ወላሂ እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም» አለች። «ትንኝ ብትሰማሽ ትስቅብሻለች።»

«አይወጣልኝም፣ እትዬ።»

«ወፉ ላይ አትጩኺ። እኔን ስደቢኝ።»

«ምን? አንቺን?»

«እኔን ነዋ! ድሮ ማማ ላይ እንዲህ ነበር የምንውለው። ከማማ ወደ ማማ ስድብ በግጥም እንላላካለን፣ ያሸነፈ ጥንቅሽ ይበላል። አባትሽ በጎረምሳነቱ ሲሳደብ እስከ ጎብዬ ይሰማል ይባል ነበር።»

«አባቴ?»

«አባትሽ! እናትሽንስ ከማማ ላይ እየሰደበ አይደል ያገኛት!»

«እኛ እኮ ሐዘን ላይ ነን» አልኳት።

ጥንቅሹን ማኘኳን አቆመች። የቀበረቻቸው ልጆቿ ትዝ ያሉኝ ያኔ ነው፤ በሃፍረት መሬት ብትውጠኝ ወደድኩ። እሷ ግን አልተቆጣችም። የአፏን ምጣጭ ተፋችና፣

«ሐዘኑ የትም አይሄድም» አለች። «ማሽላው ግን እየሄደ ነው። በይ ተነሺ።»

ወደ ማማዋ ተመልሳ ስትወጣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጠበቀች። ከዚያ ሜዳውን በሚያናውጥ ድምፅ ለቀቀችው፤

ደብሪቱ ደብሪቱ ድምፅሽ የት ሄደ፣
ግሪሳ በማሳሽ ጎጆ ሠርቶ ወለደ!

ደብሪቱ እኔ ነኝ። ጆሮዬ ጋለ። ከወዲያ ማዶ ያሉት ጠባቂዎች ሳቁ። መልስ መስጠት ነበረብኝ፤ አለመስጠት ደግሞ ከመስጠት ይበልጥ የሚያሳፍር ሆነ። እዚያ ቆሜ አንዳች ነገር ስፈልግ ቆየሁ። እሷ በወንጭፍ ስትወረውር ድንጋዩ ወፉን ስቶ አንድ ግራር ላይ «ጧ» ሲል አየሁና ቃሉ ራሱ መጣልኝ፤

የሐዋ ወንጭፍ ማነጣጠር መች ያውቃል፣
ወፉን ይስትና ግራሩን ይወቃል!

አፌን ከዘጋሁ በኋላ ነው እንደጮኽኩ ያወቅሁት። ከእግሬ ሥር ካለው ማሽላ መቶ ወፍ ቱር ብሎ ተነሣ። እትዬ ሐዋ ማማዋ ላይ ሆና ጭኗን እየመታች ሳቀች። «አወይ! ምላስ አላት ለካ! ምላስ አላት!»

ስለዚህ ነገር ብዙ ጊዜ አስቤአለሁ። ወፍ ላይ ጩኺ ስባል ያልወጣ ድምፅ እንዴት ለስድብ ወጣ? እንደ መሰለኝ፣ ወፍ ላይ ስጮህ ስለ ተዝካሩ፣ ስለ ሰፈራው፣ ስለ አባቴ ፊት ነበር የምጮኸው፤ ያ ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ቁጭ ይልብኛል። እሷን ስሰድባት ግን የማስበው ቤት መምታቱን ብቻ ነው። ተሳስቼ ብጮህ ማንም አይጎዳም። ጨዋታ ማለት ቢሳሳቱ የማይጎዱበት ቦታ መሰለኝ። እንዲህ ያለ ቦታ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገው ደግሞ የሚጎዳበት ነገር ለበዛበት ለትልቅ ሰው ነው፤ ልጅማ የትም ቢሆን ይጫወታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማማ ላይ መዋል ናፍቆት ሆነብኝ። ሌሊት ሳልተኛ ግጥም እያዘጋጀሁ አድራለሁ። ነፋስ ሲኖር ስድባችን እየተበተነ አልሰማ ሲለን እትዬ ሐዋ ሌላ ዘዴ አመጣች። ከእርዳታ የተረፉ የዘይት ቆርቆሮዎች ሰብስባ፣ ውስጣቸው ጠጠር ጨምራ፣ ከእሷ ማማ እስከ እኔ ማማ በተዘረጋ የቃጫ ገመድ ላይ አንጠለጠለቻቸው። ተራዬ ሲሆን ገመዱን ትስባለች፤ «መልሺ!» ማለቷ ነው። እኔም ስጨርስ እስባለሁ። ገመዱ የተዘረጋው ለስድብ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ቀን ግን አንድ ነገር አየን። ቆርቆሮዎቹ በተንቋቁ ቁጥር ከገመዱ ሥር ያለው ወፍ ሁሉ ብር ብሎ ይነሣል፤ ተመልሶም ቶሎ አይሰፍርም። እየሳቅን ሌላ ገመድ ቀጠልን፤ ከማማው እስከ ማሳው ጥግ። እኔ ቁጭ ብዬ አንድ እጄን ሳንቀሳቅስ ማሳው ሁሉ ይጮኽ ጀመር። ለሥራ ብለን አንድ ወር ብናስብ እንዲህ ያለውን ነገር የምናስበው አይመስለኝም። በዘጠኝ ቀን ውስጥ አንድ ዘለላ አላስበላንም።

በአሥረኛው ቀን አባቴ ከእርከን ሥራው ቶሎ ተለቆ መጣ። መምጣቱን አላየሁም። እትዬ ሐዋ ተሸንፋ ጥንቅሽ ልትከፍለኝ መጥታ፣ እንዴት እንደምጮህ ታስመስለኝ ነበር፤ አንገቷን አስግጋ፣ ዓይኗን አፍጥጣ። እኔ ከማማው ሥር መሬት ላይ ተንከባልዬ እስቃለሁ። ሳቄ ሳይቆም ቀና ስል የአባቴን እግር አየሁ።

«ደብሪቱ።»

ተነሣሁ። ነጠላዬ አፈር ለብሷል።

«የእናትሽ አርባ ሳይወጣ?» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ያ ነው የሚያስፈራው። «ከወዳጆ ማሳ ላይ ሳቅና ዘፈን ይሰማል ብለው ሲነግሩኝ ውሸት ነው አልኩ። የደረሰች ልጅ! ሰው ምን ይላል?» ከዚያ ወደ እትዬ ሐዋ ዞረ። «አንቺስ ሐዋ? ሁለት ልጅ ቀብረሽ ነው የምትጨፍሪው?»

ፊቷ ሲጠፋ አየሁ። «አላህ ይቅር ይበልህ፣ ወዳጆ» ብቻ ብላ፣ ጥንቅሹን መሬት ላይ አስቀምጣ ሄደች።

አባቴ ማጭዱን አወጣና ገመዱን ቆረጠው። አንዱን ቆረጠ፣ ሁለተኛውን ቆረጠ። ቆርቆሮዎቹ እየተንኳኩ ወደቁ። «ይህ የደወል ድምፅ በሐዘን ቤት አይሰማም» አለ። ገመዱ ወፍ እንደሚያባርር ልነግረው ነበር። አልነገርኩትም። እስካሁን የሚቆጨኝ ያ ነው።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ቀናት እንዴት እንዳለፉ አላውቅም። እኔ በማማዬ፣ እትዬ ሐዋ በማማዋ፤ አትናገር፣ አልናገር። ጀርባዋን ሰጥታኝ ትቀመጣለች። ከሷ ማማ «ሆ» የሚል የደከመ ድምፅ አልፎ አልፎ ይሰማል። የኔ ድምፅ ወደ ድሮው ቦታው ተመለሰ። ክንዴም አብሮ ከዳኝ፤ ስጫወት ቀኑን ሙሉ ስወረውር የማይደክመኝ ወንጭፍ አሁን እንደ ብረት ከበደኝ። ሐሙስ ዕለት ፀሐዩ ሲያናውዘኝ ማማው ላይ ዓይኔ ተከደነ። ለትንሽ ጊዜ ነው። ስነቃ ዝናብ የሚመስል ድምፅ ሰማሁ። ሰማዩ ጥርት ብሏል። ዝናቡ የግሪሳ አፍ ነበር።

አባቴ ከሰዓት በኋላ ሲመጣ የማሳው የላይኛው ጥግ ባዶ ገለባ ሆኖ አገኘው። ዘለላውን በእጁ አሸት አደረገና ነፋስ ላይ በተነው። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«ሮቢት ላይ ዋናው መንጋ ወርዷል አሉ» አለ። «ነገ እዚህ ይደርሳል። ያልደረሰውንም ቢሆን ነገ ጠዋት የቻልነውን እንቆርጣለን፤ ለመንገድ ስንቅ ይሆናል። ቅዳሜ እንመዘገባለን።»

«አባዬ...»

«አለቀ፣ ልጄ።»

ዓርብ ጠዋት ሁለታችንም ማጭድ ይዘን ወረድን። ጠሉ ገና ከቅጠሉ አልደረቀም። አባቴ የመጀመሪያውን ዘለላ ሳይቆርጥ በፊት ነው ሰማዩ ከደቡብ በኩል የጠቆረው። እንዲህ ያለ መንጋ አይቼ አላውቅም። እየተጠቀለለ፣ እየተዘረጋ፣ እንደገና እየተጠቀለለ ይመጣል። ከየማማው ጩኸት ተነሣ። አባቴ ማጭዱን ጥሎ በማሽላው መካከል እየሮጠ «ሆ! ሆ!» ይል ጀመር። እኔ ማማው ላይ ወጣሁ። መንጋው ከበላያችን ዞረ፣ ዝቅ አለ፣ ተነሣ፣ እንደገና ዝቅ አለ። የአባቴ ድምፅ ለወራት ያልሠራ ድምፅ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ ሳል ሆነ። አገዳ ይዞ ቆመ። ከላይ ሆኜ አየሁት። ያን ፊት እንደገና አየሁት።

እትዬ ሐዋ ማማዋ ላይ ቆማለች፣ ወንጭፏ በእጇ ተንጠልጥሏል። አትወረውርም። ታየናለች።

ከአባቴ ፊት ነበርኩ። ጥቁሩ ጨርቅ ትከሻው ላይ አለ። ብናገር ከመጠለያው ጀምሮ ያየሁትን ሐዘኑን በአደባባይ አዋርዳለሁ፤ ዝም ብል ነገ ስማችን ይጻፋል። ዓይኔን ጨፈንኩና ጮኽኩ፤

እትዬ ሐዋ ሆይ ተኝተሻል ወይ፣
እንግዳ መጥቷል ከወደ ሰማይ!

ምንም መልስ የለም። አባቴ ቀና ብሎ አየኝ። ደግሜ ጮኽኩ፤ ድምፄ መሃል ላይ ተሰበረ፣ ግን ጨረስኩት። ከዚያ የእትዬ ሐዋ ወንጭፍ ከራሷ በላይ ሲሽከረከር አየሁ።

አልተኛሁም ልጄ አፌን ዘግቼ ነው፣
አባትሽ ቢቆጣ ምላሴን ፈርቼ ነው!

ከሦስተኛው ማማ ላይ ያለው ሽማግሌ በሳቅ ጮኸ፤ የራሱንም ስድብ ጨመረ። ከአራተኛው አንዲት ሴት መለሰችለት። ሜዳው ላይ ስድብ ከማማ ወደ ማማ ይሄድ ጀመር። ሰው ወፍ ላይ ሲጮኽ ጮሆ ያርፋል፤ ወፉም የሚሰፍረው ባረፈበት ጊዜ ነው። ስድብ ግን ማረፍ የለውም፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይነሣል። መንጋው ወደ አንዱ ማሳ ሲወርድ ከዚያው ይጮኹበታል፣ ወደ ሌላው ሲዞር እዚያ ይቀበሉታል።

እኔ ግን የማየው አባቴን ነው። ጎንበስ ብሎ መሬት ላይ አንድ ነገር ይፈልጋል። መጀመሪያ ማጭዱን መስሎኝ ነበር። የተቆረጠውን ገመድ ጫፍ አነሣ። ሌላውን ጫፍ አነሣ። አንድ ላይ ቋጠራቸው። ከማማው እግር ላይ አሰረና አንድ ጊዜ ሳበው። ቆርቆሮዎቹ ተንቋቁ፤ ከጥጉ ማሽላ ወፉ ሁሉ ተነሣ። አባቴ ገመዱን አየ፣ እኔን አየ፣ እንደገና ሳበው።

እትዬ ሐዋ ይህን ጠብቃ እንደነበረ ሁሉ ለቀቀችበት፤

ወዳጆ ዝም አልክ ወይ ምላስህ ደረቀ፣
ያ የድሮው ጎበዝ ወዴት ተደበቀ!

አባቴ ገመዱን እንደያዘ ቆመ። የተሰነጠቀ፣ የሻከረ፣ ግን ቤት የሚመታ ድምፅ ወጣው፤

አለሁ እንጂ ሐዋ ቆሜ ከማሳዬ፣
ግሪሳ አንቺን ይውሰድ ይቅርልኝ ማሽላዬ!

እትዬ ሐዋ «ያረቢ! ይኸው ተነሣ!» ብላ ጮኸች። አባቴ አልሳቀም። እንባው ግን ወረደ፤ ከእናቴ ቀብር ወዲህ ያየሁት የመጀመሪያው እንባ ነው። እያለቀሰ ገመዱን ይስባል፣ እያለቀሰ ይሳደባል። ፀሐይ አናት ላይ እስክትደርስ እንዲህ ቆየን። ከዚያ መንጋው ቢዞር ቢዞር ማረፊያ አጥቶ ወደ ደረቁ ወንዝ ማዶ ተሻገረ።

ሁሉም ተረፈ አልልም። ከማሳችን ሲሶ የሚሆነው ሄዷል። የቀረው ግን ነበረ። በማግሥቱ ቅዳሜ አባቴ ወደ ምዝገባው አልሄደም። በጠዋት ተነሥቶ ወደ እትዬ ሐዋ ቤት ሄደ። ምን እንዳላት አላውቅም። ሲመለስ የሷን ቆርቆሮዎች ተሸክሞላት አብረው ወደ ማሳ ወረዱ። ማሽላው ገብቶ የእናቴ ተዝካር ሲወጣ ለእትዬ ሐዋ ለብቻዋ የማያሰክር ቅሪቦ ጠመቅንላት፤ ከቄሶቹ ባልተናነሰ ክብር አስቀመጥናት። አባቴ ጥቁሩን ጨርቅ ያን ቀን አወለቀ። እኔ ግን ሐዘኑ የተዘጋው ያን ዓርብ፣ ገመዱን ይዞ ሲያለቅስ ይመስለኛል።

እንግዲህ ለጎረቤቴ ያጣሁት መልስ ይህ ነው። ትልቅ ሰው መጫወት የሌለበት ሥራ ስላለው፣ ሐዘን ስላለው፣ ሰው ስለሚያየው ነው ይላሉ። እኔ ያየሁት ተቃራኒውን ነው። ሥራው ሲከብድ ክንዳችንን ያበረታው፣ ያልታሰበ ዘዴ ያመጣልን፣ የተዘጋ አፍ የከፈተው ያ ስድብ ነው። ሐዘናችንን አላቀለለውም፤ ተሸክመነው እንድንቆም አደረገን እንጂ። ይህን በአፌ ልነግራት አልችልም፤ ጽሑፉን ግን ብትጠይቀኝ አነብላታለሁ።

አባቴ አሁን ከእኔ ጋር ሮቢት ነው የሚኖረው። ጉልበቱ ለእርሻ አልበቃ ስላለው ማሳውን ለዘመድ ሰጥቶ መጣ። ደጃፍ ላይ በርጩማ ላይ ተቀምጦ በአስፋልቱ የሚያልፈውን መኪና ያያል። ከጥቂት ወራት ወዲህ ንግግሩ እያጠረ ነው። «ውሃ»፣ «ዝጊው»።

ባለፈው እሁድ ጎብዬ ሄጄ ነበር፤ እትዬ ሐዋ ልጇ ቤት ናት፣ ታማለች። ዓይኗ ብዙም አያይም፣ እጇ ግን እንደ ድሮው ሞቃት ነው። ስለ አባቴ ዝምታ ነገርኳት። ቀኑ መሸት ሲል ልነሣ ስል እጄን ያዘችኝ፤ የሆነ ትልቅ ነገር ልትነግረኝ መስሎኝ ጎንበስ አልኩላት።

«በይ ሂጂ፣ መኪናው ያመልጥሻል» አለችኝ። «አባትሽን አጫውቺው።»